ቀለሙ መጀመሪያ፣ ድንጋዩ ቀጥሎ፦ ሆሊንና የካጁራሆን ቤተ መቅደሶች በአንድ ጉዞ ለማየት

የህንዶቹን የቀለም በዓል ሆሊን በፊልማቸው ያላየ ሀበሻ ያለ አይመስለኝም። ዋናው አክተር ነጭ በነጭ ለብሶ ይመጣል፣ ቀይና ቢጫ ዱቄት ይበተናል፣ ልጅቷ ትሮጣለች፣ ዘፈኑ ይጀመራል። እውነተኛው ሆሊም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ፊልሙ ላይ የሌለው ግፊያው፣ መነጽር የሚሰርቀው ጦጣና ለሳምንት ከጆሮ ውስጥ የማይወጣው ሮዝ ቀለም ነው።

ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። በመጀመሪያው ዋናውን ቀን ብቻ አስቤ ሄድኩ። ሆቴል ያጣሁት ያኔ ነው፣ በሰው ማዕበል የተገፋሁትም ያኔ ነው፣ አንድም ጥንታዊ ቤተ መቅደስ በቅጡ ሳላይ ተመለስኩ። ሁለተኛው ጉዞ ግን ተሳካ። ከዚህ በታች ያለው የሁለተኛው ጉዞ አካሄድ ነው። ባጭሩ፦ ከዋናው ቀን በፊት ያሉትን ቀናት ብሪንዳቫን በምትባለው የቤተ መቅደስ ከተማ አካባቢ አሳልፉ፤ ዋናው ቀን ሲደርስ ከዚያ ወጥታችሁ ትንሿ ካጁራሆ ግቡ።

መጀመሪያ ቀኑን ቁረጡ

ሆሊ የሚውለው ፋልጉን በሚባለው የሂንዱ ወር ሙሉ ጨረቃ ላይ ነው። ስለዚህ እንደ ፋሲካችን ከዓመት ዓመት ይዞራል። እንደ ፈረንጆቹ በ2025 ማርች 14፣ በ2026 ማርች 4 ነበር። በ2027 ማርች 22 ይውላል፤ በእኛ መጋቢት 13 ቀን 2019 ዓ.ም. ማለት ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ የሂንዱዎቹ አምላክ ክሪሽና ተወለደ በሚባልበት በብራጅ አካባቢ ሆሊ የአንድ ቀን በዓል አለመሆኑን ነው። ማቱራ፣ ብሪንዳቫን፣ ባርሳናና ናንድጋኦን ሁሉም የየራሳቸው ቀን አላቸው። ባርሳና የክሪሽና ወዳጅ የራዳ አገር ናት። ከዋናው ሆሊ ስድስት ሰባት ቀን ቀደም ብሎ የናንድጋኦን ወንዶች ቀለም ይዘው ወደ ባርሳና ይመጣሉ። የባርሳና ሴቶች ደግሞ ረጃጅም የቀርከሃ ዱላ ይዘው ይጠብቋቸዋል። ወንዶቹ ጋሻ በጭንቅላታቸው ላይ ደፍተው ቁጢጥ ይላሉ፣ ሴቶቹ ይወቅጧቸዋል። ስሙም ላትማር ሆሊ ነው፤ የዱላ ሆሊ እንደ ማለት። በማግስቱ ተራው የናንድጋኦን ይሆናል። ዱላው ከመጀመሩ አንድ ቀን አስቀድሞ ባርሳና ላይ ላዱ የሚባለው ድብልብል ጣፋጭ በሰው ላይ ይወረወራል። ከዋናው ቀን አራት ቀን ያህል ሲቀር ብሪንዳቫን ውስጥ ባንኬ ቢሃሪ ቤተ መቅደስ ካህናቱ የአበባ ቅጠል ይበትናሉ። እሱ በጣም አጭር ነው፤ ፎቶ ላስተካክል ስትሉ ያልቃል።

ስለዚህ አሥር ቀን ያዙ። ከላትማሩ ሁለት ቀን አስቀድማችሁ ብሪንዳቫን ግቡ። ከዋናው ቀን ሁለት ሌሊት ሲቀር ልቀቁ።

ወረቀቱን ጨርሱ

ቢጫ ወባ። ከዚህ ክፍል አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህን አስታውሱ። ህንድ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ተጓዥ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ እንዲይዝ ትጠይቃለች፤ ክትባቱም ከመግባታችሁ ቢያንስ አሥር ቀን ቀደም ብሎ የተወሰደ መሆን አለበት። ካርዱ የሌለው እስከ ስድስት ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ሊደረግ ይችላል። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት ይዛችሁ ቤተሰብ ለመጠየቅ አዲስ አበባ ጎራ ብላችሁ የምትቀጥሉም አታመልጡም። የሚታየው የፓስፖርታችሁ ቀለም ሳይሆን የመጣችሁበት አገር ነው።

ለቪዛ በህንድ መንግሥት የኢ-ቪዛ ድረ ገጽ ላይ የፓስፖርታችሁ አገር በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን እዩ። ከሌለ አዲስ አበባ ያለው የህንድ ኤምባሲ አለ። ቪዛ እናወጣለን የሚሉ አስመሳይ ገጾች በብዛት ስላሉ አድራሻውን ደጋግማችሁ አጣሩ። ሩፒ ከውጭ ይዞ መግባት ለውጭ ዜጋ ስለማይፈቀድ ዶላር ያዙና እዚያ መንዝሩ። ስትመነዝሩ ዝርዝር ጠይቁ፤ አምስት መቶ ሩፒ ይዞ ሻይ መግዛት ጭቅጭቅ ነው።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ ዴልሂ በቀጥታ በረራ አለ። ከዴልሂ ማቱራ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም። ብሪንዳቫን ከማቱራ አሥራ ምናምን ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የባቡር ቲኬት ከ60 ቀን በፊት መሸጥ ይጀምራል። የሆሊ ሰሞን ግን አገሬው ሁሉ ወደ ቤቱ ስለሚሄድ ወዲያው ያልቃል። «ዌይቲንግ ሊስት» የሚል ቲኬት ቆርጣችሁ «አይ፣ ቦታ ይገኛል» ብላችሁ አትዘናጉ።

ሆቴል ሁለት ሦስት ወር አስቀድማችሁ ያዙ፣ ከዚያም ደውላችሁ «የውጭ ዜጋ ትቀበላላችሁ ወይ?» በሉ። ሆቴሎች የውጭ እንግዳ ሲይዙ ለመንግሥት የሚሞሉት ቅጽ ስላለ ትንንሾቹ ማረፊያዎች አንዳንዴ አይቀበሉም። እኔ በመጀመሪያው ጉዞ ከፍዬ ይዤው የነበረ ማረፊያ በር ላይ ነው የመለሰኝ። በሌሊት፣ ሻንጣ እየጎተትኩ።

ከጣቢያው ስትወጡ «ባጃጅ!» ብላችሁ አትጣሩ። እዚያ ባጃጅ የፋብሪካ ስም ነው፤ ተሽከርካሪውን «አውቶ» ይሉታል። ሰላምታውም ናማስቴ ሳይሆን «ራዴ ራዴ» ነው። ሻይ ሻጩም፣ ካህኑም «ራዴ ራዴ» ይላል። የሪክሾ ነጂው ከኋላችሁ ሆኖ ሲለው ግን «ዞር በሉልኝ» ማለቱ ነው።

ሻንጣ ውስጥ

የምትጥሉት ነጭ የጥጥ ልብስ ሁለት። እዚያም በርካሽ ይገኛል። አሮጌ ፎጣ፣ ምክንያቱም ሆቴሎች ቀለም ለነካው ፎጣ ያስከፍላሉ። ለስልክ ውሃ የማያስገባ ላስቲክ። ዓይንን ከዱቄት የሚከልል ርካሽ መነጽር። ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ እቤት ተዉት። የኮኮናት ዘይት ከዚያው ግዙ፤ ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ፊት፣ አንገት፣ ጆሮና የጥፍር ዙሪያ በደንብ ተቀቡት። ፀጉርማ የኛ ነገር ነው። ሹሩባ የተሠራች ሴት ዱቄቱ በየመስመሩ ገብቶ ይቀመጥባታል። ዘይት አድርጋችሁ በሻሽ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። አፍሮ ያላችሁ ወንዶችም ብትሆኑ ከሻሽ አታፍሩ።

ብሪንዳቫን ውስጥ፦ ጦጣና መጋረጃ

መነጽር የምታደርጉ ከሆነ መንገድ ላይ አውልቁት። ቀልዴን አይደለም። ባንኬ ቢሃሪ አጠገብ ባለች ጠባብ መንገድ አንድ አዛውንት መነጽራቸውን ከአፍንጫቸው ላይ ሲነጠቁ አይቻለሁ። ጦጣው ግንብ ላይ ወጥቶ የመነጽሩን እጀታ እያኘከ ቁልቁል ያየናል። የሱቁ ልጅ ምንም ሳይቸኩል ፍሩቲ የሚባለውን የማንጎ ጭማቂ አንድ ፓኬት ወረወረለት። ጦጣው በአንድ እጁ ቀለበ፣ በሌላው መነጽሩን ለቀቀ። ልጁ መቶ ሩፒ ተቀበለ። እሱና ጦጣው ዕቁብ ሳይጠጡ አይቀርም።

የባንኬ ቢሃሪ ቤተ መቅደስ የተሠራው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው፤ በዕድሜ ትልቁ አይደለም፣ በሰው ብዛት ግን የሚወዳደረው የለም። ክሪሽና እዚህ እንደ ሕፃን ነው የሚታየው። ሕፃን ደግሞ መረበሽ የለበትም፤ ስለዚህ ደወል አይደወልም። ምስሉ ፊት ያለው መጋረጃ በየጥቂት ቅጽበቱ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ዓይኑን ለረጅም ጊዜ ያየ ሰው ልቡ ይሰረቃል ብለው ያምናሉ። መጋረጃው በተከፈተ ቁጥር አዳራሹ ሙሉ ይጮኻል፣ ከላይ ቀለም ይረጫል፣ ከኋላ ያለው ይገፋል።

ግፊያው የእውነት ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2022 በክሪሽና ልደት በዓል ሌሊት እዚሁ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ በበዓሉ ሰሞን ልጅ፣ አዛውንትና ነፍሰ ጡር ይዛችሁ አትግቡ። ስትገቡ ክንዳችሁን ደረታችሁ ላይ አጣጥፉ፤ መተንፈሻ የሚሆን ክፍተት ይፈጥርላችኋል። ከሰዉ ጋር ተጓዙ፣ አትታገሉ። የወደቀ ዕቃ ለማንሳት አታጎንብሱ። ጠዋት እንደተከፈተ ግቡ፣ አንድ ሁለቴ መጋረጃው ሲከፈት አይታችሁ ውጡ። ፎቶ ውስጥ አይፈቀድም። ማቱራ ያለው የክሪሽና የትውልድ ቦታ ደግሞ ይብሳል፤ ስልክም አያስገባም፣ ፍተሻው ጥብቅ ነው።

ለሴቶች በግልጽ ልናገር። በሆሊ ግርግር ውስጥ ሴትን መነካካት የታወቀ ችግር ነው፤ ህንዶቹ ራሳቸው የሚያማርሩበት። ብቻችሁን አትውጡ። ወፍራምና ሰፊ ልብስ ልበሱ፣ ከቤተሰቦች አጠገብ ቁሙ፣ ወጣት ወንዶች ብቻ የተሰበሰቡበት መንገድ ሲያጋጥማችሁ ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ መጠጥ የቀመሰው ስለሚበዛ ከቀትር በፊት ወደ ሆቴል ግቡ። እጃችሁን የያዘ ካለ ፈገግ ብላችሁ ማለፍ የለባችሁም፤ ጮክ በሉ። «ቡራ ና ማኖ፣ ሆሊ ሄ» ይላሉ፤ አትቀየሙ፣ ሆሊ ነው ማለት ነው። ለዱቄት እሺ። ለሌላው መቀየም መብታችሁ ነው።

ታንዳይ የሚባል በለውዝና በቅመም የሚሠራ የወተት መጠጥ ይጋብዟችኋል። ግሩም ነው፤ ነገር ግን ለሆሊ ባንግ ይጨመርበታል፤ ባንግ ደግሞ ካናቢስ ነው። «ባንግ አለው?» ብላችሁ ሳትጠይቁ ከማታውቁት ሰው እጅ አትጠጡ።

ጾም ለምትጾሙ

በ2019 ዓ.ም. ሆሊ ዓቢይ ጾም ውስጥ ነው የሚውለው። ብሪንዳቫን ውስጥ ሥጋም አልኮልም አይሸጥም፤ ስለዚህ «ገነት ገባን» ትሉ ይሆናል። ቆይ። የህንድ ጾመኛ ወተት ይጠጣል፣ እርጎ ይበላል፣ ቅቤ በሁሉም ነገር ላይ ያፈሳል። «ቬጅ» ስላሉ ብቻ ጾም ነው ብላችሁ አትቁረጡ። «ቢና ጊ፣ ቢና ዱድ» በሉ፤ ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተት ማለት ነው። ምስር ወጡን፣ ድንችና አበባ ጎመኑን፣ ሽምብራውን በዘይት ይሠሩላችኋል። ሮቲውን ሲጋግሩ በመጨረሻ ቅቤ የመቀባት ልማድ ስላለ ምድጃው አጠገብ ቆማችሁ ብትናገሩ ይሻላል።

ሌላው ብዙ ሰው በግል የሚጠይቀኝ፦ «ሃይማኖቴን ሳልነካ ማየት እችላለሁ ወይ?» ነው። ትችላላችሁ። ከመግቢያው ላይ ጫማ አውልቁ፤ ይህ ለኛ አዲስ አይደለም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ለምዶታል። የቆዳ ቀበቶም ባታደርጉ ጥሩ ነው። ግንባር ላይ ቀለም መቀባት ወይም የተባረከ ጣፋጭ መቀበል ካልፈለጋችሁ ሁለት እጃችሁን አጋጥማችሁ ጎንበስ በሉ። ማንም አይቀየምም። የሚቀየመው አበባ እጃችሁ ላይ አስቀምጦ አምስት መቶ ሩፒ የሚጠይቀው ሰውዬ ብቻ ነው፤ እሱን አበባውን መልሱለትና ሂዱ። ለባልቴቶች እርዳታ ብሎ ደረሰኝ ደብተር ይዞ የሚከተላችሁንም እንደዚሁ።

ከመልቀቃችሁ በፊት ጎቪንድ ዴቭ ቤተ መቅደስን እዩ። አብዛኛው የሆሊ እንግዳ ያልፈዋል። የአምበሩ ንጉሥ ማን ሲንግ እንደ ፈረንጆቹ በ1590 በቀይ ድንጋይ ያሠራው ነው፤ ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆሩ 46 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ሰባት ፎቅ ነበረው ይባላል። በአፄ አውራንግዜብ ዘመን የላይኛው ፈርሶ ዛሬ ሦስቱ ቀርቷል። ውስጡ ከፍ ያለ፣ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ነው። ከባንኬ ቢሃሪ ወጥቶ እዚያ መቀመጥ ጆሮን ያሳርፋል።

ወደ ካጁራሆ

ከብሪንዳቫን አግራ በመኪና ወደ ሁለት ሰዓት ነው። ታጅ ማሃልን ለማየት ካሰባችሁ ዓርብ ዝግ መሆኑን አትርሱ። ከአግራ ሌሊቱን ተጉዞ ጠዋት ካጁራሆ የሚያደርስ ባቡር አለ። አልጋ ያለውን፣ ኤሲ ያለውን ክፍል ቁረጡ።

ካጁራሆ ትንሽ ከተማ ናት። የሆሊ ዋዜማ ምሽት በየሰፈሩ እንጨት ተከምሮ ይቃጠላል፤ ልክ እንደ ደመራ። ታሪኩ ትዕቢተኛ ንጉሥ የገዛ ልጁን ፕራላድን ሊገድል፣ እሳት አያቃጥላትም የተባለች እህቱን ሆሊካን ልጁን ታቅፋ እሳት ውስጥ እንድትቀመጥ ማዘዙ ነው። ሆሊካ ተቃጠለች፣ ልጁ ተረፈ። ሰዎቹ እሳቱን ይዞራሉ፣ ከአመዱ ግንባራቸው ላይ ያደርጋሉ። መስቀል አደባባይ ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ምን እንደሚሰማው መናገር አያስፈልገኝም። ጠዋት ላይ የሆቴሉ ሠራተኞችና የሰፈር ልጆች ዱቄት ይዘው ይመጣሉ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ትጫወታላችሁ፣ ቀትር ላይ ሁሉም ታጥቦ ይተኛል። የምፈልገው ሆሊ ይኸው ነበር።

ስትታጠቡ በሙቅ ውሃ አትጀምሩ። መጀመሪያ ደረቁን ዱቄት አራግፉ፣ ከዚያ ዘይት ቀብታችሁ በጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ የሽምብራ ዱቄት በውሃ ለውሳችሁ ፈግፍጉ። እዚያ ቤሳን ይሉታል። የኛ ሰው ቢያይ ሽሮ የተቀባችሁ ይመስለዋል።

ቤተ መቅደሶቹን እንዴት እንደምታዩ

ቻንዴላ የሚባሉ ነገሥታት ናቸው ያሠሯቸው፤ አብዛኞቹ እንደ ፈረንጆቹ በ950 እና በ1050 መካከል። 85 ያህል ነበሩ ይባላል፣ የቀሩት ወደ ሃያ አምስት ናቸው። ከላሊበላ በፊት መሆናቸው ነው። ላሊበላ ከአለት ወደ ታች ተፈልፍሎ ወጣ፤ እነዚህ ግን የአሸዋ ድንጋይ ተጠርቦ፣ ያለ ማጣበቂያ እየተቆላለፈ ወደ ላይ ወጣ። ዩኔስኮ እንደ ፈረንጆቹ በ1986 መዝግቧቸዋል።

ዋናው የምዕራቡ ክፍል በቲኬት ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ይከፈታል። በዚያ ሰዓት ግቡ። አብዛኞቹ ወደ ምሥራቅ ስለሚያዩ የጠዋቱ ብርሃን በር በሩን ይመታል። ከአምስት ሰዓት በኋላ ሙቀቱ አያስቆምም።

ከላክሽማና ጀምሩ፣ በካንዳሪያ ማሃዴቫ ጨርሱ። የሁለተኛው ቁመት 31 ሜትር ገደማ ነው፤ ትንንሽ ጫፎች በትልልቆቹ ላይ እየተደራረቡ እንደ ተራራ ሰንሰለት ይወጣሉ። ቀኝ እጃችሁን ወደ ግድግዳው አድርጋችሁ ዙሩ፤ ምዕመኑ የሚዞረው እንደዚያ ነው፣ የቅርጹም ቅደም ተከተል ይገባችኋል። ከዚያ ወደ ውስጥ ግቡ። በረንዳ፣ አዳራሽ፣ ከዚያ ጠባብና ጨለማ ውስጠኛ ክፍል። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ብሎ ላደገ ሰው አስጎብኚው ማስረዳት ሳይጀምር ይገባዋል።

የፍቅር ቅርጾቹ ዝናቸው ገኗል፤ ሁሉም ሰው ሳቅ እያለ ስለ እነሱ ነው የሚጠይቀው። ከጠቅላላው ቅርጽ አሥር በመቶ እንኳ አይሆኑም። ከቤተሰብ ጋር ከሆናችሁ ብቻ አስቀድማችሁ እወቁት። እኔን ያስቆሙኝ ሌሎቹ ናቸው። አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ፣ አንድ እግሯን አንስታ ከውስጥ እግሯ እሾህ ታወጣለች። ወገቧ ላይ ያለው እጥፋት፣ ክብደቷ ሁሉ ያረፈበት ዳሌ ድንጋይ መሆኑን ያስረሳል። ሌላዋ ኩል ትኳላለች፤ ጣቷ ዓይኗ ጥግ ላይ ነው። ሺህ ዓመት ሊሆናት ነው፣ ገና አልጨረሰችም።

አጥሩን ወጣ ብሎ ያለው ማታንጌሽዋራ እስከ ዛሬ የሚመለክበት ነው። ሌሎቹን አይታችሁ እሱ ውስጥ ስትገቡ ዕጣንና አበባ ይሸታችኋል፤ ልዩነቱ ያኔ ነው የሚታወቀው።

በማግስቱ ሳይክል ተከራዩ። የምሥራቁ ክፍል የጃይን ሃይማኖት ቤተ መቅደሶች አሉት። በደቡብ በኩል ቻቱርቡጅ ብቻውን ሜዳ ላይ ቆሟል፤ ከአብዛኞቹ በተለየ ወደ ምዕራብ ያያል። ስለዚህ እሱን ለመጨረሻ አስቀሩት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ግማሽ ሰዓት ሲቀራት ድረሱ። ብርሃኑ በበሩ ገብቶ ውስጥ ያለውን ትልቁን ምስል ፊቱ ላይ ያገኘዋል። ስትመለሱ መንገዱ ጨለማ ስለሆነ የእጅ ባትሪ ያዙ፣ ላሞች መሀል መንገድ ላይ ይተኛሉ።

ሸሚዙን ለማስታወሻ ማስቀረት የምትፈልጉ አትጠቡት። በላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ ላስቲኩን በሌላ ላስቲክ ከታችሁ ሻንጣ ውስጥ አስገቡ። እኔ በአንዱ ላስቲክ አምኜ የእናቴን ነጠላ ሮዝ አድርጌ ነው የተመለስኩት።